«ማስጠንቀቂያ ወጥቷል አሉ፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?» ለዕረፍት ወደ ውጭ ከመውጣታችሁ በፊት ደረጃ በደረጃ

የምሠራው ስታዲየም አካባቢ ባለች አንዲት የትኬት ቢሮ ውስጥ ነው። ክረምት ሲቃረብና ገና ሲደርስ አንድ ጥያቄ በየቀኑ ይመጣብኛል። «ሞምባሳ ልንሄድ ነበር። አሜሪካ ማስጠንቀቂያ አወጣች አሉን። እንቅር እንዴ?» አንዱ ስለ ዛንዚባር ይጠይቃል፣ ሌላው ስለ ዱባይ፣ ሌላዋ ስለ ኢስታንቡል። ጥያቄው ግን ያው ነው። በስልክ አምስት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ መልስ የለውም። ስለዚህ ደንበኛ አጠገቤ ሲቀመጥ አብረን የምንሠራውን ነገር በቅደም ተከተል ጽፌላችኋለሁ።

አንድ ምሽት ይበቃችኋል። ዋናው ነገር ትኬት ሳትቆርጡ ማድረግ ነው። ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ማስጠንቀቂያ የሚያነብ ሰው ደስ የሚለውን መስመር ብቻ ነው የሚያየው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ኢንተርኔት ያለው ስልክ፣ ከተቻለ ኮምፒውተር። ካርታ በትልቅ ስክሪን ይሻላል።
- ወረቀትና እስክሪብቶ።
- ፓስፖርታችሁ። ብዙ አገሮች ቢያንስ 6 ወር የቀረው እንዲሆን ይጠይቃሉ።
- የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ ካላችሁ።
- የጉዞው ረቂቅ፦ ቀኑ፣ ከተማው፣ ሆቴሉ ያለበት ሰፈር፣ ትራንዚት የምታደርጉበት አየር ማረፊያ።
- የሆቴሉና የትኬቱ የስረዛ ደንብ።
- እንግሊዝኛ ከከበዳችሁ፣ ቁጭ ብሎ የሚያነብላችሁ ሰው። በስልክ መተርጎሚያ ብቻ አትተማመኑ። «ጨርሶ አትሂዱ» እና «የግድ ካልሆነ አትሂዱ» በትርጉም ውስጥ አንድ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው።

1. መጀመሪያ ስለ አዲስ አበባ የተጻፈውን አንብቡ

ልትሄዱበት ያሰባችሁትን አገር ለጊዜው ተዉት። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትን ወይም የእንግሊዝ መንግሥትን የጉዞ ምክር ገጽ ክፈቱና ኢትዮጵያን ፈልጉ። ከዚያ ስለ ከተማችሁ የተባለውን ከምታውቁት ኑሮ ጋር አስተያዩት። የቱ ልክ ነው? የስልክ ነጠቃው? የማታው መንገድ? የቱስ ስለ ሩቅ አካባቢ የተነገረ ሆኖ አገሩን በሙሉ የሸፈነው?

ጥቅምትና ኅዳር 2014ን አስታውሱ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። አሜሪካና እንግሊዝ ዜጎቻቸውን ባስቸኳይ ከኢትዮጵያ ውጡ አሉ። እኛ እዚሁ ነበርን። ገበያው ነበር፣ ታክሲው ነበር። ፍተሻውም ነበር፣ ከቤት መውጣት የፈራም ብዙ ሰው ነበር። ማስጠንቀቂያው ውሸት አልነበረም፤ ጦርነቱ እውነት ነበር። ግን የተጻፈው በረራ ሳይቋረጥ መውጣት ላለበት የውጭ ዜጋ እንጂ ለካዛንቺስ ነዋሪ አልነበረም።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ማስጠንቀቂያ የሚያወጣ መንግሥት የሚጽፈው ለራሱ ዜጋ ነው። «ዜጋዬ ቢቸገር ኤምባሲዬ ሊደርስለት ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከጀርባው አለ። በምታውቁት ከተማ ላይ በወረቀቱና በኑሮው መካከል ያለውን ርቀት ከለካችሁ፣ ስለማታውቁት ከተማ ስታነቡ መለኪያ ይኖራችኋል። ያለዚህ ወይ ሁሉንም ትፈራላችሁ ወይ ሁሉንም ትንቃላችሁ።

2. ዋናውን ጽሑፍ አግኙ፣ የመጀመሪያውን መስመር አንብቡ

ቴሌግራም ላይ ወይም ቲክቶክ ላይ ያያችሁት ማስጠንቀቂያው አይደለም፣ ስለ ማስጠንቀቂያው የተወራው ነው። ዋናውን ክፈቱ። ከላይ የወጣበት ቀን አለ፣ አጠገቡ ደግሞ ለምን እንደወጣ የሚናገር አንድ መስመር።

ያ መስመር ብዙ ነገር ይፈታል። አሜሪካ ለየአገሩ ከ1 (ቀላሉ) እስከ 4 (ከባዱ) ደረጃ ትሰጣለች። ደረጃ 1 እና 2 ላይ ያሉትን አገሮች ቢያንስ በ12 ወር አንዴ፣ ደረጃ 3 እና 4 ላይ ያሉትን ቢያንስ በ6 ወር አንዴ ትከልሳለች። ክለሳው ሲያልቅ ምንም ባይለወጥም ጽሑፉ በአዲስ ቀን ይወጣል። መስመሩ «ከመደበኛ ክለሳ በኋላ በድጋሚ የወጣ» የሚል ከሆነ አዲስ ነገር የለም ማለት ነው። «አዲስ ማስጠንቀቂያ!» እየተባለ የሚዞረው ግን ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። «ይህን ለመጨመር የተሻሻለ» ካለ ደግሞ ቆም በሉ፣ የተጨመረውን ጻፉ።

ጊዜያቸው የሚያልፍም አሉ። ሩዋንዳ የማርበርግ ቫይረስ ወረርሽኝ መስከረም 17 ቀን 2017 አወጀች፤ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ማብቃቱ ተነገረ። በዚያ መካከል የወጣ ማስጠንቀቂያ ትክክል ነበር። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ እሱን እያነበበ ጉዞ የሚሰርዝ ሰው ግን ባለፈ ነገር ነው የሚወስነው።

ጥንቃቄ፦ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፣ እንግሊዞች ቀኑን። 07/08 ለአንዱ ሐምሌ ነው፣ ለሌላው ነሐሴ።

3. ቁጥሩን ሳይሆን ምክንያቱን ጻፉ

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አራት ደረጃ ትጠቀማለች። 1 የተለመደውን ጥንቃቄ አድርጉ፣ 2 ጥንቃቄ ጨምሩ፣ 3 ጉዞውን ደግማችሁ አስቡበት፣ 4 አትሂዱ ነው። እንግሊዝ ቁጥር የላትም። «የግድ ካልሆነ አትሂዱ» እና «ጨርሶ አትሂዱ» የሚሉ ሁለት ከባድ ቃላት አሏት፤ በካርታም ታሳያለች።

ቁጥሩ ብቻውን አያወሳስናችሁም። ፈረንሳይም ኬንያም ለረጅም ጊዜ ደረጃ 2 ላይ የቆዩ አገሮች ናቸው። የፓሪስ ሥጋትና የናይሮቢ ሥጋት ግን አንድ አይደሉም። እንግሊዝም «አሸባሪዎች ጥቃት ለማድረስ መሞከራቸው በጣም አይቀርም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለፈረንሳይ ጭምር ጽፋዋለች። ያ ዓረፍተ ነገር ስላስደነገጣችሁ ብቻ ሞምባሳን ከተዋችሁ ፓሪስንም መተው ሊኖርባችሁ ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን አራት ቦታ ክፈሉት፦ ምን? የት? መቼ? ለማን? «ምን» የሚለው ሥር ወንጀል፣ ሽብር፣ የአደባባይ ሁከት፣ እገታ፣ ጤና፣ የተፈጥሮ አደጋ፣ ያለአግባብ መታሰር ከሚሉት የተጠቀሰውን ጻፉ። ምክንያቱም መድኃኒታቸው ይለያያል። ከኪስ አውላቂ በጥንቃቄ ታመልጣላችሁ። ከሁከት ቀን በመቀየር ታመልጣላችሁ። ከእገታ ግን ወደዚያ አካባቢ ባለመሄድ ብቻ ነው።

4. ማስጠንቀቂያውን ካርታ ላይ አውርዱት

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው። የአገር ስም ሰምቶ አገሩን በሙሉ ይሰርዛል። ወይም ደግሞ «እኛ የምንሄድበት ሰላም ነው» ብሎ መንገዱን ይረሳል።

ኬንያን እንውሰድ። ከባዱ ቃል ለዓመታት ያረፈው በሶማሊያ ድንበር በኩል ባሉት አካባቢዎችና ከሞምባሳ ወደ ሰሜን፣ በላሙ በኩል ባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ብዙ ቱሪስት የሚያርፍበት የዲያኒ ባሕር ዳርቻ ደግሞ ከሞምባሳ በስተደቡብ ነው። ስለዚህ «የኬንያ ባሕር ዳርቻ» የሚለው ቃል ብቻ አይበቃም፤ ሰሜን ነው ወይስ ደቡብ በሉ። ግብፅም እንደዚሁ ነው። ሰሜን ሲና አንድ ነገር ነው፣ ሻርም ኤልሼክ ሌላ። በቱርክ ጠንካራው ማስጠንቀቂያ የሚያተኩረው በሶሪያ ድንበር ዙሪያ ነው። ኢስታንቡል ከዚያ ያለችው በአገሩ ሌላ ጫፍ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ካርታ ላይ አራት ነገር ምልክት አድርጉ፦ የምታርፉበት አየር ማረፊያ፣ ሆቴሉ፣ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ፣ ለሽርሽር ልትሄዱባቸው ያሰባችኋቸው ቦታዎች። ከዚያ ማስጠንቀቂያው የጠቀሳቸውን ስሞች አንድ በአንድ ፈልጉ። ከመስመራችሁ ላይ የወደቀ አለ? ሆቴሉ ደህና ሆኖ ሽርሽሩ ቀይ ቦታ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ የሚሰረዘው ሽርሽሩ ነው እንጂ ጉዞው አይደለም።

ትራንዚቱንም አትርሱ። ሰኔ 16 ቀን 2017 ኳታር ውስጥ ያለ የጦር ሰፈር በኢራን ሚሳኤል ሲመታ የኳታር የአየር ክልል ለሰዓታት ተዘግቶ ነበር። ዶሃን ለዕረፍት ያላሰቧት መንገደኞች አየር ማረፊያ ውስጥ ቀሩ። ቀጥታ በረራ በጥቂት ብር ቢወደድም፣ አካባቢው ሲተራመስ ልዩነቱን መክፈል ያዋጣል ባይ ነኝ። በተለይ ልጅ ወይም አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ።

ሌላው መንገድ ነው። በጉዞ ላይ ጤነኛ ሰው ከሚገድሉት ነገሮች የመኪና አደጋ ከፊተኞቹ ነው። ስለ ሽብር ተጨንቆ በሌሊት የስድስት ሰዓት መንገድ በሚኒባስ የሚገባ ሰው አይቻለሁ። ማታ የምታርፉ ከሆነ አየር ማረፊያው አጠገብ አድራችሁ በጠዋት ተንቀሳቀሱ።

5. «ይህ ለማን ነው የተጻፈው?» ብላችሁ ጠይቁ

አሜሪካ በኬንያ ማስጠንቀቂያዋ ላይ ናይሮቢ ውስጥ ኪቤራንና ኢስሊን ለይታ ጠቅሳለች። ኢስሊ ደግሞ ብዙ የአገራችን ሰው የሚነግድባት፣ የሚኖርባት ሰፈር ናት። አክስታችሁ እዚያ ቤት ካላት ማስጠንቀቂያው ለእናንተ በዚያው መጠን ላይሠራ ይችላል። በሌላ በኩል፣ እዚያ ፖሊስ አስቁሞ ወረቀት ሲጠይቅ ለእናንተና ለአሜሪካዊው እኩል አይደለም። ፓስፖርትና የመግቢያ ማህተም የሌለው ሐበሻ ቱሪስት ነኝ ቢል የሚያምነው የለም። ዋናውን ሆቴል አስቀምጠን ኮፒ ብንይዝ ሁሌም ይበቃል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። አገሩ ዋናውን የሚጠይቅ ከሆነ ዋናውን ያዙ።

የፈረንጅ ማስጠንቀቂያ የማይነግራችሁ የእኛ አደጋም አለ። በየካቲት 2017 ከምያንማር የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ካምፖች ከተለቀቁት 260 ሰዎች 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወደ እነዚያ ካምፖች ብዙ ሰው የሚወሰደው በታይላንድ በኩል ነው። «ለሽርሽር በቱሪስት ቪዛ ግቢ፣ እዚያ ሥራ አለ» የሚል ሰው ከጉዞው ጋር ከተያያዘ ጉዳዩ ዕረፍት አይደለም። እዚህ ላይ ማመዛዘን አያስፈልግም፤ አትሂዱ።

ብቻችሁን የምትጓዙ ሴቶች፣ የእንግሊዝ ገጽ ላይ ለሴት ተጓዦች የተጻፈ ክፍል ስላለ እሱን ለይታችሁ አንብቡ።

በመጨረሻም በዚያ አገር የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አለ ወይ የሚለውን አጣሩ። ናይሮቢ፣ ካይሮ፣ አንካራና አቡዳቢ ኤምባሲ አለን፤ ዱባይ ቆንስላ አለ። በሌለበት አገር የትኛው ኤምባሲ እንደሚሸፍነው ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጠይቁ። ፓስፖርት ቢጠፋባችሁ የሚያስመልሳችሁ የይለፍ ወረቀት የሚመጣው ከዚያ ነው።

6. የጊዜ መቁጠሪያ አውጡ

ሁከት ብዙ ጊዜ ቀጠሮ አለው። ናይሮቢ ውስጥ ሰኔ 18 ቀን 2016 ሰልፈኞች ፓርላማ ገቡ፣ ሰው ሞተ። በዓመቱ በዚያው ቀን እንደገና ሰልፍ ወጣ። ሰኔ 30ም እዚያ የተቃውሞ መታሰቢያ ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ናይሮቢ መሐል ከተማ አትገኙ።

ምርጫ የባሰ ነው። ታንዛኒያ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ምርጫ ስታካሂድ ሁከት ተነሳ፣ ዳሬሰላም ላይ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ። የኬንያ ቀጣይ ጠቅላላ ምርጫ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ነሐሴ 2019 ላይ ነው። ክረምቱን ሞምባሳ ለማሳለፍ የምታስቡ ያን ዓመት ሌላ ጊዜ ፈልጉ፣ ወይም ሐምሌ ሳይጋመስ ተመለሱ።

የአየሩን ጠባይም ጨምሩ። ኬንያና ዛንዚባር ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ዱባይ በእኛ ክረምት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ልጆች ውጭ አይቆሙም።

7. የሕጉን ክፍል አትዝለሉ

ሁሉም ሰው የሚዘለው፣ ግን ኤርፖርት ላይ የሚያስይዘው ይህ ነው። ጫት በኬንያ ይሸጣል፤ በታንዛኒያና በኤምሬትስ ግን የተከለከለ ነው። ትራማዶልና ኮዴን ያለበት ማስታገሻ ኤምሬትስና ግብፅ ጥብቅ ቁጥጥር አለው። የሐኪም ማዘዣ ያዙ፣ ቀድማችሁም ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ሰው የላከባችሁን መድኃኒት አትያዙ። ፌስታል በኬንያ ከ2017፣ በታንዛኒያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው። በርበሬና ሽሮውን በፌስታል ጠቅልላችሁ ከሆነ ወደ ሌላ ነገር ገልብጡት።

8. ጤናውን ለብቻ አዩት

ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ብዙ አገሮች ካርዱን ይጠይቁናል። ክትባቱ ከበረራው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ስለዚህ አሮጌውን አትጣሉት።

ወባ ላይ ግን ልብ በሉ። «አበሻ ነኝ፣ ወባ አልፈራም» የሚል ደንበኛ ብዙ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ተወልደን ያደግን ሰዎች ለወባ የገነባነው መከላከያ የለንም። ሞምባሳ ወባ አለ። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ስለ መከላከያ ክኒን አማክሩ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ የት እንደነበራችሁ ተናገሩ።

9. ብትቀሩ ምን ታጣላችሁ?

የማይመለስ ትኬትና የማይሰረዝ ሆቴል የሰውን ልብ ያስራሉ። አንድ ቤተሰብ ሙሉ የሆቴል ክፍያ ቀድሞ ስለከፈለ ብቻ፣ ሰልፍ ወደሚካሄድበት ከተማ ሲሄድ አይቻለሁ። ሁለቱን ቀን ከክፍላቸው ሳይወጡ ነው ያሳለፉት። ማስጠንቀቂያ ያለበት አገር ላይ ትንሽ ጨምራችሁ የሚሰረዘውን ያዙ።

የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገዙ ሦስት ነገር አስነብቡ። ጦርነትና ሁከት ይሸፍናል? ከመግዛቴ በፊት የወጣ ማስጠንቀቂያ ካለስ? ሕክምናው ጣሪያው ስንት ነው? ብዙ ውሎች አስቀድሞ የታወቀን አደጋ አይሸፍኑም። ለሸንገን (ለአውሮፓ) ቪዛ ሽፋኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሆን አለበት። ዛንዚባር ደግሞ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሷን 44 ዶላር ኢንሹራንስ ግድ አድርጋለች። እዚህ የገዛችሁት እሱን አይተካም።

10. እዚያ ያለ ሰው ጠይቁ፣ ግን ጥያቄውን ጠበብ አድርጉ

«ሰላም ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁሌም «ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «ባለፈው ሳምንት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ በየት በኩል ወጣህ? አሁን የማትሄድበት ሰፈር አለ? ከአየር ማረፊያ እስከዚህ ሆቴል በምን ትሄዳለህ?» ሆቴሉን ብቻ አትጠይቁ፣ ሊሸጥላችሁ ነውና።

11. ወስኑ፣ ምን ሲሆን እንደምትቀሩም ጻፉ

ወረቀቱ ላይ የጻፋችኋቸውን አራት ክፍሎች (ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለማን) አንብቡ። ከባዱ ቃል በመስመራችሁ ላይ፣ በቀናችሁ፣ ለእናንተ ዓይነት ሰው ከወደቀ አትሂዱ። ቀኑ ብቻ ከገጠመ ቀን ቀይሩ። ቦታው ብቻ ከገጠመ ሰፈር ቀይሩ። አንዱም ካልገጠመ ትኬቱን ቁረጡ።

ስትቆርጡ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ለቤተሰብ አሳዩ። «የሞምባሳው ማስጠንቀቂያ ከፍ ካለ፣ ወይም በረራ ከተሰረዘ እንቀራለን» ዓይነት። ለምን? ሻንጣ ታስሮ፣ ልጆች ተደስተው፣ አማች ቡና አፍልተው ሳለ በጤና አእምሮ መወሰን ይከብዳል። ውሳኔው አስቀድሞ ከተጻፈ ግን መፈጸም ብቻ ነው የሚቀረው።

12. ከበረራው 72 ሰዓት በፊት እንደገና ክፈቱት

ያው ገጽ፣ ያው የመጀመሪያ መስመር። ማስጠንቀቂያው የወጣበት ቀን ካልተለወጠ ሂዱ። የሆቴሉን አድራሻ፣ የኤምባሲውን ስልክና የአደጋ ጊዜ ቁጥር በወረቀት ያዙ፤ ኢንተርኔት ሊቋረጥ፣ ስክሪንሾቱ ያለበት ስልክም ባትሪ ሊያልቅበት ይችላል። ኬንያና ኤምሬትስ ፖሊስ 999 ነው፣ ቱርክ 112፣ ታይላንድ የቱሪስት ፖሊስ 1155። ለሁለት ቀን የሚበቃ ጥሬ ገንዘብም ለብቻ አስቀምጡ።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- አንድ አገር ብቻ ማንበብ። የአሜሪካንና የእንግሊዝን አስተያዩ። ሁለቱም የጠቀሱት ቦታ ላይ አትከራከሩ።
- «ባለፈው ዓመት ሄጄ ምንም አልሆንኩም» ማለት። ያ ስለ ባለፈው ዓመት ነው።
- ማስጠንቀቂያ ስለሌለ አደጋ የለም ብሎ ማሰብ። ደረጃ 1 አገርም ባሕር ውስጥ ሰው ይሰምጣል። ዋና የማትችሉ ወገብ ድረስ ብቻ ግቡ።
- ለእናትና ለአባት አለመንገር። ዜናውን ከሌላ ሰው ሲሰሙ ነው የሚደነግጡት። የምታርፉበትን ሆቴልና የምትደውሉበትን ሰዓት ጽፋችሁ ስጧቸው፣ ሰዓቱንም ጠብቁ።